ጀልባ በሐይቅ መሐል ውኃ ሲያስገባ

ከባቱ ከተማ ተነሥቶ በዝዋይ ሐይቅ ላይ ወደ ቱሉ ጉዶ ደሴት የሚሻገር ተሳፋሪ፣ በቆቃ ግድብ ሐይቅ ላይ መረቡን የሚዘረጋ ዓሣ አስጋሪ፣ በላንጋኖ በትንሽ የሸራ ጀልባ የሚዝናና የከተማ ነዋሪ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። ሦስቱንም ከውኃው የሚለያቸው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እንጨት ወይም ከዚያም የሚሳሳ ፋይበር ግላስ ነው። ይህ ግድግዳ በድንገት ሲበሳ ወይም ሲሰነጠቅ፣ በጀልባው ላይ ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያደርገው ያገኘውን ዕቃ አንሥቶ ውኃ መጭለፍ ነው። ድርጊቱ ከድንጋጤ የሚመነጭና የሚጠበቅ ቢሆንም፣ ውድ የሆኑትን የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች የሚያባክነውም ይኸው ነው። ቀዳዳው ሳይገኝና ሳይደፈን የሚጨለፍ ውኃ በዚያው መንገድ ተመልሶ ይገባልና።

የጉዳዩን ክብደት ለመረዳት ቀላል ስሌት ይበቃል። ስፋቱ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል የሆነ፣ ማለትም ከአንድ ብር ሳንቲም ጋር የሚቀራረብ ቀዳዳ፣ ከውኃው ወለል በታች በ30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ቢገኝ በደቂቃ ከ40 ሊትር በላይ ውኃ ያስገባል። ይህም በየደቂቃው ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ጀልባው ውስጥ እንደ መገልበጥ ነው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጀልባው ከ4 ኩንታል ያላነሰ ያልታሰበ ጭነት ተሸከመ ማለት ነው። የቀዳዳው ስፋት በእጥፍ አድጎ 5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን የሚገባው ውኃ በእጥፍ ሳይሆን በአራት እጥፍ ይጨምራል፤ በደቂቃ ወደ 170 ሊትር ይጠጋል። ይህን ያህል ውኃ አንድ ሰው በባልዲ እየቀዳ ለብዙ ጊዜ መቋቋም አይችልም። ክንዱ ይዝላል፤ ውኃው ግን አይደክመውም።

ከዚሁ ስሌት አንድ የሚያጽናና ነገርም ይገኛል። ውኃ በቀዳዳው የሚገባበት ፍጥነት የሚወሰነው ቀዳዳው ከውኃው ወለል ምን ያህል ዝቅ ብሎ እንደሚገኝ ነው። በ30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ የነበረው ቀዳዳ ወደ 7 ሳንቲ ሜትር ተኩል ከፍ ቢል የሚገባው ውኃ በግማሽ ይቀንሳል፤ ከውኃው በላይ ከወጣ ደግሞ ፈጽሞ ይቆማል። ስለዚህ ቀዳዳውን ከፍ ማድረግ እርሱን የመድፈን ያህል ዋጋ አለው። ለዚህም መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሰውንና ጭነትን ማዘዋወር ብቻ ይበቃል።

የመጀመሪያው ደቂቃ

ውኃ መግባቱ እንደታወቀ ከሁሉ የሚቀድመው ሰው እንጂ ቀዳዳው አይደለም። የሕይወት አድን ጃኬት ያልለበሰ ካለ ወዲያው ይለብሳል፤ ሕፃናት ይቀድማሉ። ጃኬት ከሌለ በደንብ የተከደነ ባዶ ጀሪካን በእጅ ይያዛል። ሁሉም ሰው በጀልባው ወለል ላይ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ጀልባ ውኃ ሲያስገባ የሚገለበጠው ብዙ ጊዜ ከውኃው ብዛት ሳይሆን ከሰዎቹ መነሣት የተነሣ ነው። ጀልባው ውስጥ የገባው ውኃ እንደ ታሰረ ጭነት በአንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ጀልባው ወደ ግራ ሲያዘነብል ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ወደ ቀኝ ይፈስሳል፤ በሄደበትም ዘንበል ማለቱን ያባብሰዋል። በዚህ ላይ እግሩ እንዳይርስ የፈለገ ተሳፋሪ ሁሉ በአንድ ጊዜ ደረቅ ወደሆነው ወገን ከተንጋጋ፣ ቁርጭምጭሚት እንኳ ያልደረሰ ውኃ ጀልባውን ሊገለብጠው ይችላል።

የሸራ ጀልባ ከሆነ፣ ሸራውን የወጠረው ገመድ ይለቀቃል። ሸራው ነፋሱን ሲያጣ ጀልባው ይቀንሳል፤ ቀጥ ብሎም ይቆማል፤ ከፊት በኩል የሚገፋው የውኃ ግፊትም አብሮ ይቀንሳል። በሞተር የሚሄድ ጀልባም ፍጥነቱን ቀስ አድርጎ መቀነስ ይኖርበታል፤ በፍጥነት ሲሄድ የነበረ ጀልባ በድንገት ሲቆም ውስጡ የተጠራቀመው ውኃ ወደ አንድ ጫፍ ተሰብስቦ ያንን ጫፍ ሊያሰምጠው ይችላልና። ከዚያ በኋላ ሥራው ለሁለት ይከፈላል። ሁለት ሰዎች ካሉ አንዱ ይጨልፋል፤ ሌላው ይፈልጋል። ያለው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ፍለጋው ይቀድማል።

የሚፈለገው በዓይን ብቻ አይደለም። ውኃው ደፍርሶ፣ መረብና ገመድ ተቆልሎበት ቀዳዳውን ማየት በማይቻልበት ጊዜ መዳፍ የተሻለ መርማሪ ነው፤ በወለሉ ላይ ቀስ ብሎ ሲዳሰስ የሚገፋው ውኃ ይታወቃል። ፍለጋው የሚጀመረው አስቀድሞ የተበሳ ነገር ካለባቸው ቦታዎች ነው። እነዚህም ጀልባው በየብስ ላይ ሳለ የዝናብ ውኃ የሚፈስስበት የኋላው ውታፍ፣ የሞተሩ ዘንግ የሚያልፍበት ቀዳዳ፣ የመሪው ማያያዣ፣ በሸራ ጀልባ ደግሞ ወደ ታች የሚወርደው ሰሌዳ የሚገባበት ሳጥን ናቸው። የእንጨት ጀልባ ከሆነ ጣውላ ከጣውላ የተጋጠመበት መስመርና ሚስማር የተመታበት ቦታ ይታያል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው የኋላው ውታፍ ነው። ጀልባው ከመነሣቱ በፊት ሳይከደን ቀርቶ ከሆነ፣ ታላቅ አደጋ የመሰለው ነገር በአንድ ቡሽ ያበቃል።

ውኃው ከታች ሳይሆን ከላይ፣ ከሞገድ ርጭት የመጣ ሊሆንም ይችላል። ያንን ለመለየት ጀልባው ነፋሱን በፊቱ እንዲቀበል ተደርጎ ለአፍታ ይጠበቃል። ርጭቱ ቀንሶ የውስጡ ውኃ መጨመሩን ከቀጠለ ችግሩ ከወለሉ ነው።

ጨርቅ፣ ሱፍና የበግ ፍግ

ቀዳዳው ከተገኘ በኋላ የሚደፈንበት ነገር ከሰው ልብስና ጫማ አይርቅም። ክብ ቀዳዳ ከሆነ፣ እንደ ካሮት ወደ ጫፉ እየቀጠነ የተጠረበ ለስላሳ እንጨት በጨርቅ ተጠቅልሎ ይመታበታል፤ እንጨቱ ውኃ ሲጠጣ ስለሚያብጥ ይበልጥ ይጠብቃል። ስንጥቅ ከሆነ የተቀደደ ነጠላ ወይም የሻሽ ጨርቅ በቢላዋ ጀርባ እየተገፋ ይጠቀጠቃል። ሰፋ ያለ ስብራት ከሆነ ደግሞ የታጠፈ ጋቢ ወይም የተጠቀለለ ጃኬት ተጭኖበት፣ በላዩ ጠፍጣፋ ነገር፣ ለምሳሌ የጫማ ሶል ወይም የመቀመጫ ጣውላ ተደርጎ በእግር ይረገጣል። አንድ ሰው ሥራው ያንን መርገጥ ብቻ ሆኖ እስከ ዳር ሊደርስ ይችላል።

ነገር ግን ከውስጥ የሚደፈን ሁሉ ከውኃው ጋር ይታገላል፤ ውኃው ወደ ውስጥ ይገፋዋልና። ከውጭ የሚደፈን ግን ውኃው ራሱ ያጣብቀዋል። ይህን መርከበኞች ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ለዚህ በስፋት የሚጠቀሰው የእንግሊዛዊው ካፒቴን ጄምስ ኩክ መርከብ የኢንዴቨር ታሪክ ነው። መርከቡ እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 1770 በአውስትራሊያ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ከኮራል ዐለት ጋር ተጋጭቶ ሆዱ ተቀደደ። መርከበኞቹ በመጀመሪያ መድፎችን ሳይቀር ከባድ ነገሮችን ወደ ባሕር ወርውረው አቀለሉት። ከዐለቱ ከተላቀቀም በኋላ በአንድ የሸራ ቁራጭ ላይ የተከተፈ የገመድ ጭረትና ሱፍ ለጥፈው፣ የበግ ፍግ ጨምረውበት፣ ሸራውን በገመድ ከመርከቡ ሆድ ሥር ጎተቱት። ውኃው ሱፉንና ፍጉን ወደ ስንጥቁ ስቦ አስገባውና የሚገባው ውኃ እጅግ ቀነሰ። ለገበሬ ፍግ ማሳ ማዳበሪያ እንደሆነ ይታወቃል፤ መርከብ ማዳኑ ግን ብዙ የተነገረለት አይመስልም።

በትንሽ ጀልባ ላይም ዘዴው ይሠራል። የሸራ ጀልባ ትርፍ ሸራ፣ ካልሆነም ዝናብ መከላከያ ላስቲክ ወይም ወፈር ያለ ሻራ በአራቱም ማዕዘን ገመድ ታስሮለት ከፊት በኩል ከጀልባው ሥር ይገባና ቀዳዳው ካለበት ቦታ እስኪደርስ ወደ ኋላ ይጎተታል። ከዚያ ገመዶቹ በግራና በቀኝ ይታሰራሉ።

ከኢንዴቨር ታሪክ ሌላም ትምህርት ይገኛል። መርከቡ በኋላ ወደ የብስ ተስቦ ሲታይ፣ ከዐለቱ የተሰበረ ትልቅ የኮራል ቁራጭ በቀዳዳው ውስጥ ተሰክቶ ተገኘ። ያ ቁራጭ ባይኖር ኖሮ የሚገባው ውኃ ከመርከበኞቹ አቅም በላይ በሆነ ነበር። ስለዚህ ጀልባን የወጋ ጉቶ ወይም ድንጋይ ተሰብሮ በቀዳዳው ውስጥ ከቀረ መነቀል የለበትም። ዙሪያው በጨርቅ ተጠቅጥቆ እዚያው ይተዋል።

ነፋስን ለረዳትነት መጠቀም

የሸራ ጀልባ ከሞተር ጀልባ የሚሻልበት አንድ ነገር አለ። ነፋስ ከጎን ሲመታው ወደ ተቃራኒው ወገን ያዘነብላል፤ ነፋሱ የሚመጣበት ጎን ከፍ ይላል። ስለዚህ ቀዳዳው በግራ ጎን ካለ ነፋሱ ከግራ እንዲመጣ አድርጎ መሄድ ቀዳዳውን ከውኃው ያወጣዋል፤ በቀኝ ካለ ደግሞ ከቀኝ። ይህ አቅጣጫ ወደታሰበው ቦታ የማያደርስ ቢሆንም እንኳ፣ ቀዳዳው እስኪደፈን ድረስ ተመራጭ ነው። በቀዘፋ ወይም በሞተር በሚሄድ ጀልባ ላይ ይኸው ውጤት የሚገኘው ጭነትንና ሰውን አንድ በአንድ፣ ዝቅ ብሎ በመዳሕ፣ ቀዳዳው ከሌለበት ወገን በማስቀመጥ ነው። ቀዳዳው ከፊት ከሆነ ሰው ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ከኋላ ከሆነ ወደ ፊት። ይህም ካልበቃ ጭነቱ ወደ ውኃው ይጣላል። የእህል ጆንያም ሆነ የማገዶ እንጨት ባለቤቱ ሲሳሳለት የሚታይበት ጊዜ ነው፤ ሆኖም የአንድ ኩንታል መውረድ የጀልባውን ጠርዝ ከውኃው ከፍ ያደርገዋል።

ወዴት መሄድ እንደሚገባ የሚወስነው ሐይቁ ነው። የዝዋይ ሐይቅ ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ አማካይ ጥልቀቱ 2 ሜትር ተኩል ገደማ ሲሆን እጅግ ጥልቅ የሆነው ቦታም 9 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ሐይቅ ላይ ያለ ጀልባ ወደ ተነሣበት ወደብ ለመመለስ ከሚጣደፍ ይልቅ በአቅራቢያው ወደሚገኘው ደሴት ወይም ዳር ሄዶ መሬት ቢነካ ይሻለዋል። ሆዱ አሸዋ ላይ ያረፈ ጀልባ አይሰምጥም። ላንጋኖ ግን ከ40 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ቦታ አለው። የቢሾፍቱው ባቦጋያ ሐይቅ ደግሞ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ በመሆኑ ከዳሩ ጥቂት እንደተራቀ ወዲያው ይጠልቃል። በእነዚህ ሐይቆች ላይ ዳሩ ቅርብ መስሎ ስለታየ ብቻ ዘልሎ መዋኘት አሳሳች ነው።

የዳሩ ዓይነትም ይታያል። በዝዋይና በቆቃ ደንገልና ቄጠማ የበዛበት ዳር የጉማሬ ማደሪያ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ሲመሽ። በቆቃ ሐይቅ ላይ የታወቀው እምቦጭም ከሞተር ምላጭ ጋር ሲጠላለፍ ጀልባውን መሐል መንገድ ላይ ያቆመዋል። ስለሆነም ርቀቱ ትንሽ ቢጨምርም ገላጣው ዳር ይመረጣል።

ጀልባውን አለመተው

ጥረቱ ሁሉ ሳይሳካ ቀርቶ ጀልባው ቢሞላ ወይም ቢገለበጥስ? ከእንጨት የተሠራ፣ ከባድ ሞተርና ጭነት ያልተጫነበት ጀልባ ውኃ ሞልቶትም ብዙ ጊዜ በወለሉ ላይ ይንሳፈፋል፤ የታሸገ የአየር ክፍል ያለው ፋይበር ግላስም እንዲሁ። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ውኃ እንደ ሰሜን አውሮፓ ባሕሮች በአጭር ጊዜ በብርድ የሚገድል አይደለም። ሰውን የሚገድለው መድከም ነው። የተገለበጠ ጀልባን ይዞ የሚጠብቅ ሰው ሰዓታት ሊቆይ ይችላል፤ ለፈላጊም ከአንድ ጭንቅላት ይልቅ አንድ ጀልባ ይታያል። በሁለቱ ጎን ተቃቅፎ መያዝ፣ ልጆችን በላዩ ማውጣት፣ ሰዎችን ደጋግሞ መቁጠር ያስፈልጋል። ስልክ በሁለት ፌስታል ተቋጥሮ ከሆነ፣ ጥሪው የሚደረገው ጀልባው ገና ሳይሞላ፣ እጅም ደረቅ ሳለ ነው። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ሁለት እጅን ዘርግቶ ደጋግሞ ማንሣትና ማውረድ፣ ነጭ ነጠላ ወይም ቢጫ ጀሪካን ማውለብለብ ከጩኸት ይልቅ ይረዳል፤ ነፋስ ድምፅን ይወስዳልና።

በዚህ ረገድ ከሁሉ የሚቀልለው የደንገል ታንኳ ነው። በዝዋይም ሆነ በጣና ለብዙ ዘመን ያገለገለው ይህ ታንኳ ግድግዳ ስለሌለው አይበሳም። ተንሳፋፊ ያደረገው በደንገሉ አገዳ ውስጥ የታመቀው አየር ነው። ችግሩ ሌላ ነው፤ ቀስ በቀስ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ከተወሰነ ጊዜ በኋላም በፀሐይ መድረቅ ወይም በአዲስ መተካት አለበት። የኖርዌዩ ተመራማሪ ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 «ራ» ብሎ የሰየማትን የሸራ ጀልባ ከጣና ሐይቅ በተወሰደ ደንገል አሠርቶ ከሞሮኮ ወደብ ከሳፊ አትላንቲክን ለመሻገር ተነሥቶ ነበር። ጀልባዋ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዘች በኋላ የኋላ ክፍሏ በውኃ ርሶና ረግቦ፣ ማሰሪያዋም ተፈትቶ ተተወች። ሰባቱም ተጓዦች ግን በሕይወት ወጡ። በዓመቱ የተሠራችው ሁለተኛዋ «ራ» በ57 ቀን ባርቤዶስ ደርሳለች።

ደንገሉ የሚሠራውን ሥራ ዛሬ ጀሪካን ሊሠራው ይችላል። በደንብ የተከደነ ባዶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ የሚጠጋ ክብደትን ያንሳፍፋል፤ ውኃ ውስጥ ያለን ሰው ጭንቅላት ከላይ ለማቆየት ከዚህ ግማሹ እንኳ ይበቃል። ከአምስት ወይም ከስድስት የማያንሱ ጀሪካኖች ከመቀመጫዎቹ ሥር በጠንካራ ገመድ ከታሰሩ፣ የሞላው ጀልባ ከነሞተሩ እንኳ ላለመስጠም የተሻለ ዕድል ይኖረዋል። መታሰራቸው ግን ግድ ነው፤ ያልታሰረ ጀሪካን ጀልባው ሲሞላ በነፋስ ይወሰዳል።

ከመነሣት በፊት

በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ ነፋስ በአመዛኙ ከሰዓት በኋላ ይበረታል። ጠዋት እንደ መስተዋት የነበረው ሐይቅ በዚያ ሰዓት ሞገድ ያነሣል፤ ጠዋት ያልታየው ስንጥቅም የሚከፈተው ያኔ ነው። ደሴት የሚሻገር ሰው በማለዳ ቢነሣ ብቻውን ግማሹን አደጋ ያስቀራል ማለት ይቻላል። በጀልባው ላይ የሚቀመጠው ዕቃም ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በገመድ የታሰረ ባልዲ፣ አፉ በግድም ተቆርጦ መጭለፊያ የሆነ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን፣ አንድ እቅፍ አሮጌ ጨርቅ፣ በተለያየ ውፍረት የተጠረቡ ሦስት አራት የእንጨት ውታፎች፣ ቢላዋና ገመድ ይበቃሉ። ባልዲው ካልታሰረ በመጀመሪያው ድንጋጤ ከእጅ ያመልጣል።

ከእንጨት ለተሠራ ጀልባ ግን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሰጋው ረጅም ዕረፍት ነው። ለጥገናም ሆነ ሥራ በመቀዝቀዙ ለሳምንታት ከውኃ ወጥቶ በበጋ ፀሐይ የቆየ ጀልባ ጣውላው ይደርቃል፤ ይኮማተራል፤ መገጣጠሚያውም ይከፈታል። በዚያው ዕለት ሰው ጭኖ ቢወጣ ከብዙ ቦታ በአንድ ጊዜ ያስገባል፤ እንዲህ ያለውን መፍሰስ ደግሞ በውታፍ ማቆም አይቻልም። መፍትሔው ትዕግሥት ነው። ጀልባው ከዳር ታስሮ፣ ሰው ሳይጫንበት፣ አንድ ሁለት ቀን ውኃ እንዲጠጣ ይደረጋል። ጣውላው ሲያብጥ አብዛኛው ክፍተት በራሱ ይዘጋል። የቀረው በተገመደ ጥጥ ተጠቅጥቆ በሬንጅ ይመረጋል። በደረቀው ጣውላ መሐል ሲሚንቶ ወይም ሌላ የሚጠጥር ነገር መሙላት ግን ጀልባውን ይጎዳል፤ እንጨቱ ሲያብጥ የሚሄድበት ቦታ አጥቶ አጠገቡ ያለውን ሚስማር ይነቅላል፤ አዲስ ስንጥቅም ያወጣል። ከሁለት ቀን በኋላ ባዶው ጀልባ ማታ ደርቆ ሲያድር ጠዋት ምን ያህል ውኃ እንደያዘ ይለካል። ከአንድ ባልዲ ያለፈ ከሆነ ጥገናው አላለቀም፤ ተሳፋሪም አይጫንበትም።